ቤኒ ባሕር ዳር ነው

«አዎ አባባ፣ ትናንት ደውሎልኝ ነበር» አለች ሰገነት። «ደህና ነው። ፈተና ስለተደራረበበት ነው እንጂ ለአንተም ሊደውል ነበር።»

ስልኩ የአክስቷ የፈጠነች ነው። ፈጠነች ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ከሰገነት አገጭ ሥር ደቅናዋለች። ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሳቸው ነበር፤ ፈጠነች ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም።

«ባለፈው ሳወራው ድምፁ ጥሩ አልነበረም» አለ አባቷ። ከገሱባ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ቀበሌያቸው ሲደውል መስመሩ ሁልጊዜ ይቆራረጣል። «አሞኛል ነው ያለኝ። ለአንቺስ ምን አለሽ?»

«ትንሽ ጉንፋን ነገር ነው። አሁን ተሽሎታል።»

«እዚያ አገር ብርድ አለ እንዴ?»

«የለም አባባ፣ ባሕር ዳር ይሞቃል።»

ባሕር ዳርን አይታ አታውቅም። ይሁን እንጂ ከመጋቢት ወዲህ ስለ ከተማው ያልፈጠረችው ነገር የለም። የዶርሙን መስኮት፣ ከሐይቁ የሚመጣውን ንፋስ፣ ቤኒ ዓሣ መብላት መልመዱን፣ ሁሉንም ከራሷ አውጥታ አውርታለች። አባቷ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል አክስቷ «አሜን» አለች። ሰገነትም ተከትላ «አሜን» አለች። ከተናገረችው ሁሉ የከበዳት ይህ ቃል ነበር።

ቤኒ በዚያች ሰዓት ባሕር ዳር አልነበረም። እነሱ ከቆሙበት ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ሶዶ ከተማ ጋንዳባ ሰፈር በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ ጌም እየተጫወተ ነበር።

ሰገነት አሥረኛ ክፍል ናት፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ብሔራዊ ፈተና ትወስዳለች። አባቷ ሶርሳ ለትምህርት ብሎ ሶዶ ያለችው እህቱ ዘንድ ያስቀመጣት ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ነው። ወንድሟ ቤኒም ቀድሟት መጥቶ እዚሁ ቤት፣ እሷ አሁን የምትተኛበት አልጋ ላይ እየተኛ ነው አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ሲደርሰው የቀበሌያቸው ምእመናን በሙሉ ቆመው አመሰገኑ። ቤኒ «ለሥዕሉ ሥራ ጠንካራ ኮምፒውተር ያስፈልገኛል፣ ተራ ላፕቶፕ አይችለውም» ባለ ጊዜ አባቱ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ከጥንድ በሬዎቹ አንዱን ሸጠለት። ከዚያ ወዲህ ለእርሻ የሚያጣምደውን በሬ ከጎረቤት እየለመነ ነው።

ሰገነት ቤኒን ሶዶ ውስጥ ያየችው በመጋቢት መጀመሪያ ነበር። ከጓደኛዋ ከመሲ ጋር የቆዩ የፈተና ወረቀቶችን ፎቶ ኮፒ ለማስደረግ ጋንዳባ ወዳለው የሶዶ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ሄደው ሳለ፣ ከአንድ ሱቅ ዳቦ ገዝቶ የሚወጣ ልጅ አየች። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶታል። አረማመዱን ግን ሊደብቀው አልቻለም፤ እንደ ቤኒ ግራ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ የሚሄድ ሌላ ሰው አታውቅም።

«ቤኒ!» ብላ ጮኸች።

ልጁ አልዞረም፤ እርምጃውን ጨመረ። ቤኒ ባይሆን ኖሮ ማን ነው የጮኸው ብሎ ዞር ይል ነበር።

«መጣሁ፣ ያዢልኝ» ብላ ወረቀቱን ለመሲ አስታቀፈቻትና ተከተለችው። ልጁ በቆርቆሮ ወደታጠረ፣ የኪራይ ክፍሎች ወደተደረደሩበት ግቢ ገባ። የመጨረሻውን ክፍል ከፍቶ በሩን መልሶ ሊዘጋ ሲል ሰገነት እግሯን አስገባች።

ለትንሽ ጊዜ ተያዩ። ቤኒ ከስቷል። አገጩ ላይ ያልተስተካከለ ጺም አብቅሏል።

«ግቢ» አላት በመጨረሻ። «ቶሎ በይ፣ ሰው እንዳያይሽ።»

ክፍሏ ውስጥ አንድ ፍራሽ፣ ጄሪካንና አከራዩ የጣለው የሚመስል አሮጌ ቴሌቪዥን ነበር። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሁለት ጡብ ላይ ተቀምጦ፣ ከመዝገበ ቃላት ትንሽ የሚተልቅ ጥቁር ሣጥን ያጉረመርማል። በጎኑ ቀያይና ሰማያዊ መብራት ይሮጥበታል። ሣጥኑ ሞቅ ያለ አየር ስለሚተፋ ክፍሏ በአንድ ጊዜ ታፍናለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች። መጠየቅ የፈለገችው ግን ሌላ ነገር ነበር።

ቤኒም እንደዚያው የቀለለውን መለሰ። «ኮምፒውተሩ ነዋ። ሲያዩት ትንሽ ነው፣ በቦርሳ ይያዛል። ግን የራሱ ግራፊክስ ካርድ አለው። ሌላው ኮምፒውተር ሥዕሉንም ስሌቱንም በአንድ ላይ ነው የሚሠራው፤ ይሄ ለሥዕል ብቻ የተመደበ ካርድ አለው። ትልልቁን ዴስክቶፕ ሁሉ ያስከነዳል፣ በጣም አሪፍ ነው...»

«ቤኒ።»

ዓይኑን ከሣጥኑ አነሣ።

«ለምንድን ነው እዚህ ያለኸው?»

«ተባረርኩ» አለ። ፍራሹ ላይ ተቀመጠና ዳቦውን ከፌስታሉ ሳያወጣ በሁለት እጁ ያዘው። «በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት። መጀመሪያ የሥዕል ፕሮግራሙን ነበር የምሠራበት፣ እውነቴን ነው። ከዚያ ልጆቹ ጌም ጫኑበት። ዶርማችን ስታዲየም ሆነ። የሌላ ብሎክ ልጆች ሁሉ ሊያዩ ይመጣሉ። ክላስ ላይ የማይታወቅ ልጅ ነበርኩ፤ እዚያ ግን ሁሉም በስሜ ይጠራኛል። መጀመሪያ አንድ ክላስ ቀረሁ። ከዚያ...» ትከሻውን ነቀነቀ።

«አባባ ያውቃል?»

«አብደሻል? ማንም አያውቅም። ስሚ፣ እስከ መስከረም ብቻ ነው። የሪአድሚሽን ማመልከቻ እሞላለሁ፣ በመስከረም ተመልሼ እገባለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ማይልኝ።»

«እኛ አንምልም» አለች ሰገነት፣ ቤተ ክርስቲያን የተማሩትን እያስታወሰችው።

«እንግዲያው ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባች። ወንድሟ ነው። ልጅ ሳለች ወንዝ ሲሻገሩ በጀርባው የሚያዝላት፣ ክፍልፋይን በበቆሎ ፍሬ ያስተማራት ወንድሟ። እስከ መስከረም ደግሞ ሩቅ አልመሰላትም።

*

ቃል ከገባች በኋላ ግን ነገሩ እንዳሰበችው ዝም በማለት ብቻ አላለቀም። ቤኒ ምግብ ያስፈልገዋል። የግቢው ተከራዮች፣ በአብዛኛው ከሌላ ክልል የመጡ ተማሪዎች፣ ጌም ለመጫወት በየተራው ትንሽ ትንሽ ይሰጡታል፤ እሱ ግን የክፍሉን ኪራይና መብራቱን እንጂ ሆዱን አይሸፍንለትም። ቀን ቀን ወደ ከተማ እንዳይወጣ ደግሞ የገሱባ ሰው በየመንገዱ ነው። ስለዚህ ሰገነት ቅዳሜ ቅዳሜ በምሳ ዕቃዋ ቆጮና ጎመን፣ ሲገኝም የተቀቀለ የቦዬ ሥር ይዛ መሄድ ጀመረች። ለአክስቷ «መሲ ጋ ላጠና ነው» ትላታለች። ለመሲ ደግሞ «አክስቴን ላግዛት ነው» ትላታለች። ሁለቱ መንገድ ላይ ተገናኝተው ቢያወሩ ምን እንደሚፈጠር እያሰበች ፊዚክስ መጽሐፍ ላይ አፍጥጣ የምታመሽበት ቀን በዛ።

መሲ ያን ቀን «ሰው ተሳስቼ ነው» ያለቻትን አምና ነበር፤ አሁን ግን ነቅታባታለች። አንድ ቀን ከክፍል ሲወጡ ክንዷን ያዘቻት።

«አንቺ፣ ጓደኛ አገኘሽ እንዴ?»

«የምን ጓደኛ?»

«አትፎግሪኝ ባክሽ። ቅዳሜ ጋንዳባ አየሁሽ፣ ባጃጅ ውስጥ። ወንድ ከሆነ ንገሪኝ፣ አላወራም።»

ሰገነት ሳቀች። ሳቋ ለራሷም የሌላ ሰው ሳቅ መሰላት። «ምን ወንድ አለ፣ አክስቴ ልካኝ ነው» አለች። መሲ ክንዷን ለቀቀች። ከዚያ ቀን በኋላ ቤቷ ድረስ መሸኘቷን ተወች።

ከሁሉ የባሰው የፋሲካ ሰሞን መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ የወጣቶች መሪ የአሥረኛ ክፍል ተፈታኞችን ሰብስቦ «እኅት ሰገነት፣ ወንድምሽ እንዴት አጥንቶ ለዚያ ውጤት እንደበቃ ለጓደኞችሽ ተናገሪ» አላት። ቆመች። አዳራሹ ሞልቷል፤ ፈጠነች ከኋላ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ፈገግ ብላ ታያታለች። ሰገነት ቤኒ ማለዳ ይነሣ እንደነበር፣ በጥያቄና መልስ ያጠና እንደነበር ተናገረች። ይህ እውነት ነው። ከዚያ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «አሁንስ ዩኒቨርሲቲው እንዴት ነው ይላል?» ብላ ጠየቀች።

«ይወደዋል» አለች ሰገነት።

አጨበጨቡ። ቤኒ እንኳ የተደበቀው ከሰው ነው፤ ክፍል አለው፣ በር አለው፣ የሚዘጋው መስኮት አለው። እሷ ግን በየቀኑ ሰው መካከል ቆማ ነው የምትደበቀው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትሄድ ቤኒ መኪና እየነዳ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰፊ መንገድ ይታያል፤ በአንድ ወገን ተራራ፣ በአንድ ወገን ባሕር። ጀምበሯ ውሃው ላይ ታበራለች፤ የመኪናው ጥላ እንኳ አብሮ ይሮጣል። ምሳ ዕቃውን አስቀምጣ ከኋላው ቆመች። ቤኒ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጓል፤ መግባቷን ያወቀም አይመስልም። አየሩ ከመታፈኑ የተነሣ ግንባሩ በላብ ርሷል።

ድንገት መብራት ጠፋ።

ባሕሩም መንገዱም አብረው ጠፉ። የሣጥኑ ማጉረምረም እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። በበሩ ስንጥቅ በሚገባው ብርሃን ቤኒ ማዳመጫውን አወለቀና ዞረ።

«መጣሽ?» አለ።

«ሪአድሚሽኑን ሞላህ?»

«እሞላለሁ።»

«መቼ ነው የሚያበቃው?»

ቤኒ ማዳመጫውን በእጁ አገላበጠ።

«ቤኒ፣ መቼ ነው?»

«አላየሁትም። ኢሜይሌን ከፍቼው አላውቅም» አለ። ጣቶቹን እርስ በርስ አቆላለፈ። «ከከፈትኩት... በቃ፣ ሁሉ ነገር እውነት ይሆናል።»

«አሁንም'ኮ እውነት ነው።»

«ታውቂያለሽ፣ መብራት ሲኖር ደህና ነኝ። ይሄ ሲሠራ ስለ ምንም አላስብም። መብራት ሲጠፋ ነው የአባባ ፊት የሚመጣብኝ።»

ሰገነት ባዶውን የባለፈውን ሳምንት ምሳ ዕቃ ከወለል አነሣች። «እኔ ላይ'ኮ ሲበራም ሲጠፋም ይመጣብኛል» አለችና ወጣች።

*

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአባቷን ጫማ በረንዳው ላይ አየችው። ጭቃው ገና አልደረቀም። ሶርሳ ሳሎን ተቀምጦ ከፈጠነች ጋር ሻይ ይጠጣል፤ እግሩ ሥር አንድ ትልቅ ቦርሳና በጨርቅ የታሰረ የቅቤ ዕቃ ተቀምጧል። ልጁን አቅፎ ግንባሯን ሳማት።

«ነገ በማለዳው መኪና አዲስ አበባ፣ ከዚያ ባሕር ዳር» አላት፤ እንደ ልጅ ደስ ብሎታል። «ፋሲካንም አመመኝ ብሎ ቀረ። እናትሽ እንቅልፍ አጣች። በዓይኔ ልየው ብዬ ተነሣሁ። ቅቤም ዳታም ይዤለታለሁ፤ እዚያ የኛን አገር የበርበሬ ድቁስ ከየት ያገኛል? እንዳትነግሪው ብቻ፤ ድንገት ነው የምደርስበት።»

ፈጠነች ሳቀች። ሰገነትም የሚጠበቅባትን ያህል ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከዚያ «የመሲን ደብተር መልሼ ልምጣ» ብላ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ወጣች። በባጃጁ መንገድ ሁሉ እጇን ጭኖቿ መካከል ቀብራ ነበር የተቀመጠችው።

ቤኒ ነገሩን ሲሰማ ቆመ፤ መልሶ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ና፣ አብረን እንሂድ» አለችው። «አሁኑኑ። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ። ምንም አታውራ ብትፈልግ፤ ሲያይህ ይገባዋል።»

«ቆይ፣ ላስብ።» ክፍሏን ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለሰባት፤ ለመመላለስም አትበቃም። ከዚያ ቆመ። «አገኘሁ። ይሂድ።»

«ምን?»

«ይሂድ። ባሕር ዳር ሊደርስ ሲል እኔ እደውልለታለሁ። 'ከክላስ ጋር ፊልድ ወጥተናል፣ ሩቅ ነን' እለዋለሁ። ዕቃውን ለጓደኛዬ ይተውለትና ይመለሳል። ጓደኛዬ እዚያ አለ፣ አናግረዋለሁ።»

ሰገነት የሰማችውን ማመን አልቻለችም። «ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ሄዶ፣ አንተን ሳያገኝ፣ ባዶ እጁን ይመለስ?»

«ሌላ ምን ላድርግ? አንቺ ዝም ብቻ በይ። ይቺን ብቻ እለፊልኝ፣ ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅሽም።»

«ወገቡን ያመዋል፣ ታውቃለህ። አውቶቡስ ላይ ሁለት ቀን...»

ቤኒ አላስጨረሳትም። ዓይኗን ሳያይ ማዳመጫውን አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገ። የሣጥኑን ማብሪያ ነካው፤ መብራቶቹ መሮጥ ጀመሩ።

ሰገነት ከኋላው ትንሽ ቆመች። ልትጮህበት ፈልጋ ነበር። ብትጮህም እንደማይሰማት ስታውቅ በሩን ገፍታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ አባቷ ጫማውን እያጠለቀ ነበር። «ጥሩ ጊዜ መጣሽ» አላት። «መናኸሪያ ድረስ አብረሽኝ ሂጂ፣ ለነገ ትኬት እንቁረጥ።»

መናኸሪያው የተለመደ ግርግሩ ላይ ነው። ረዳቶች «ሐዋሳ! ሐዋሳ!» ይላሉ፤ የዳሞታ ተራራ አናት በደመና ተሸፍኗል። ትኬት መቁረጫው ፊት ሰልፍ ነበር። ሶርሳ ተሰለፈ፤ ሰገነት አጠገቡ ቆመች። አባቷ ከፊቱ ላለው ሰው ሳይጠየቅ ይነግረዋል። «ልጄን ላይ ነው። ባሕር ዳር ነው ያለው፣ አርክቴክቸር።» ሰውየው «ጎበዝ ነው» አለ። ሰልፉ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ሰገነት አፏን ከፍታ ዘጋች። ሰልፉ ደግሞ ሄደ።

«አባባ» አለች። «ትኬቱን አትቁረጥ።»

«ለምን?»

«ቤኒ ባሕር ዳር የለም።»

ሶርሳ ሳቀ። «የት ሄደ ታዲያ?»

«እዚህ ነው ያለው። ሶዶ። ከዩኒቨርሲቲ ተባርሯል።»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ከፊታቸው የነበረው ሰውዬ ትኬቱን ተቀብሎ ሄደ፤ ተራው የሶርሳ ሆነ።

«ወዴት?» አለች ትኬት ቆራጯ።

ሶርሳ ልጁን ያያል።

«አባት፣ ወዴት ነው? ሰው እየጠበቀ ነው'ኮ።»

«ቆይ» አለ ሶርሳ። ማንን ቆይ እንዳለ አይታወቅም። ከሰልፉ ወጣና ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

ባጃጅ ይዘው ወደ ቤኒ ክፍል ሄዱ። አባቷ ወደ መንገዱ እያየ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

«ከየካቲት።»

«አንቺስ መቼ አወቅሽ?»

«መጋቢት ላይ።»

«እሑድ እሑድ ስደውል...»

«አዎ አባባ።»

ከዚያ በኋላ እስከሚደርሱ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። ሰገነት ቢቆጣት በወደደች ነበር።

የቤኒ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጥ ሁለት የግቢው ተማሪዎች ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ቤኒ ጀርባውን ሰጥቶ በባሕሩ ዳርቻ መንገድ ይነዳል። ሶርሳ ገብቶ ከልጁ ኋላ ቆመ። ኮፍያውን አውልቆ ያዘና ቴሌቪዥኑን ተመለከተ፤ መኪናው ኩርባውን ሲያልፍ፣ ሌሎቹን ሲቀድም ዝም ብሎ ያያል። ሁለቱ ተማሪዎች የቆመውን ሰው አዩ፣ ሰገነትን አዩ፣ ቀስ ብለው ተነሥተው ወጡ።

«ቶማ፣ ተዘጋጅ፣ ተራህ ነው» አለ ቤኒ ሳይዞር። መልስ ሲያጣ ዞረ።

መኪናው ማንም ሳይነዳው ሄዶ ከአጥሩ ጋር ተላተመ።

ቤኒ ማዳመጫውን ለማውለቅ ሲታገል ገመዱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ሶርሳ ጎንበስ ብሎ ፈታለት። ከዚያ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ታመምክ ተብዬ ነው የመጣሁት» አለ።

ቤኒ አንገቱን ደፋ።

ሶርሳ ሣጥኑን አየው፤ የሚሮጡትን መብራቶች በዓይኑ ተከተለ። «ይሄ ነው በሬው?» አለ። በቁጣ አይደለም፤ የጠየቀው በእርግጥ ማወቅ ፈልጎ ነበር። እጁን ዘርግቶ ነካውና ሰበሰበ። «ይፋጃል።»

«ትንሽ ስለሆነ ነው» አለ ቤኒ፤ ድምፁ አይሰማም። «ሁሉም ነገር ታጭቆበት ሙቀቱ መውጫ ያጣል።»

ከዚያ ሶርሳ በወላይትኛ፣ ቤታቸው በሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ «ታ ናዓው» አለው፤ ልጄ። «ብትነግረኝ እገድልህ ነበር?»

«አይ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ደውዬ ነበር» አለ ቤኒ። እንባው አገጩ ላይ ደርሷል፣ አልጠረገውም። «ውጤቱን ያየሁ ቀን ልነግርህ ደውዬ ነበር። አንተ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከሰዎች ጋር ቆመህ ነበር። 'ልጄ ነው፣ አርክቴክቱ' ብለህ ስትነግራቸው በስልኩ ሰማሁህ። ሳቅህንም ሰማሁት። ከዚያ በኋላ... ከየት ልጀምረው?»

ሶርሳ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረው። ሰገነት በሩን ተደግፋ ቆመች። አልቋል፤ ከዚህ በኋላ ማንም ስለ ባሕር ዳር ንፋስ አይጠይቃትም።

«ተመልሰህ የምትገባበት መንገድ አለ?» አለ አባቷ።

«ማመልከቻ አለ። አልሞላሁትም። ምናልባት ጊዜው አላለፈ ይሆናል።»

«ትሞላዋለህ። ነገ ትሞላዋለህ፣ እኔ እያየሁ።» ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ። ዓይኑ ከአንዱ ልጁ ወደ ሌላው ሄደ። ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ይሄ ነገር ከዚች ክፍል አይወጣም። ለእናታችሁ የዩኒቨርሲቲ እረፍት ነው እንላታለን። ለፈጠነችም እንደዚያው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ፣ ሰው ፊት ቆሜ ያመሰገንኩበት ነገር ነው። እስከ መስከረም ብቻ። መስከረም ላይ ከተመለሰ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ሰገነት፣ ሰምተሻል?»

ቃሉ ያው ነው። ቤኒ መጋቢት ላይ፣ እዚሁ ክፍል፣ ዳቦውን በእጁ ይዞ ያላት ያንኑ ቃል ነው። አባቷን አየችው፤ ከሁለት ሰዓት በፊት ዳታና ቅቤ ይዞ ሲስቅ ከነበረው ይልቅ አርጅቷል። አላዘነችበትም። ግን «እሺ አባባ» ልትለው አልቻለችም።

የሶርሳ ኪስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

አውጥቶ አየው። «እናታችሁ ናት» አለ። ስልኩ እጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ አፍጥጦ አየው፣ አላነሣውም። ከዚያ ወደ ሰገነት ዘረጋው። «አንቺ አናግሪያት። ትኬት ልንቆርጥ ተሰልፈናል በያት። አንቺ... አንቺን ታምንሻለች።»

ሰገነት ስልኩን ተቀበለች። አነሣችው።

«አሎ፣ አንቺ ነሽ?» አለች እናቷ። ከኋላዋ ዶሮ ይጮሃል። «አባትሽስ? መኪና ተገኘለት?»

«አልተገኘም እማዬ» አለች ሰገነት። «አልቆረጥንም።»

አባቷ ቀና አለ። ቤኒ ራሱን ነቀነቀ፣ እባክሽ እንደማለት።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«ማንም ምንም አልሆነም። ሁላችንም ደህና ነን፣ ሶዶ ነን። ቤኒም እዚህ አጠገቤ ነው።»

ዶሮው ብቻ ይሰማል።

«ለምን እንደመጣ እሱ ይነግርሻል» አለች ሰገነት። «እኔ አልነግርሽም።»

ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ለወንድሟ ዘረጋችለት። ቤኒ አልተቀበላትም። አባቷን አየ፤ አባቷ ፊቱን ወደተጋረደው መስኮት አዙሯል። «ቤኒ? አንተ ቤኒ?» የሚለው የእናታቸው ድምፅ ትንሽ ሆኖ ከስልኩ ውስጥ ይሰማል። ሰገነት ክንዷ ዛለ፤ እጇን ግን አልሰበሰበችም።

ቤኒ ተነሣና እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ።